ከባሕር ወጥቶ ግቢ ስለገባው የሞገድ መለኪያ

ይድረስ፦ ሪያድ ሰፈር ለሚገኘው የባሕር ትንበያ መክተብ (ቢሮ) ክቡር ሙዲር (ኃላፊ)
ካርቱም

አሰላሙ አለይኩም፣ ክቡርነትዎ። ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ከቀይ ባሕር ይህን ያህል ርቀው በማቀዝቀዣ ሥር ስለሚሠሩ፣ ሞገድም ጨውም እንዳልደረሰብዎ እርግጠኛ ነኝ፤ አልሐምዱሊላህ። እኔ ረሺዳ እባላለሁ፤ የወሎ ሰው ነኝ፤ የምሠራው ካፉሪ ሰፈር በሰው ቤት፣ የምኖረው ሐጅ ዩሱፍ ሰፈር ነው። በአማርኛ መጻፌን ይቅር ይበሉኝ፤ በዓረብኛ ያስገባሁትን አቤቱታ ያነበበው ስላልነበረ፣ ሳይነበብ ለሚቀርስ የእናቴ ቋንቋ ይሻላል ብዬ ነው።

አስቀድሜ ስለ ትንበያዎ ላመስግን። በዚያ ማለዳ ሬዲዮው ባሕሩ ጸጥ ያለ መሆኑን ሲያበስር፣ ባለቤቴ ኑርሁሴንና የጀልባው ባለቤት ሂሻም ከሱዋኪን ወደብ ዓሣ ለማጥመድ ይሰናዱ ነበር። የሂሻም ሚስት ፋሪሃ «ነፋሱ አላማረኝም» ብትለው፣ «መክተቡ ጸጥ ነው ብሏል፤ እነሱ የተማሩ ናቸው» ብሏት ወጣ። ይህን ያህል የሚያምንዎ ሰው ነበረዎት።

ቀትር ሳይሆን ሞገድ ጀልባዋን ገለበጣት። ሁለቱም ጎኗን ሙጭጭ ብለው ያዙ። የሂሻም ክንድ ዝሎ ሲለቅ ኑርሁሴን ሸሚዙን ጨበጠ፤ ሸሚዙ እጁ ላይ ቀረ። ባለቤቴን ሌላ ጀልባ አነሳው። ሂሻምን ግን ባሕሩ አልመለሰውም።

ፋሪሃ ካርቱም ድረስ መጣች፤ ከሐጅ ዩሱፍ በሦስት እግሯ ራክሻ ተሳፍረን መክተብዎ ደረስን። እዚያ ካየነው የሚከተለውን በታላቅ አክብሮት አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ሱዋኪን ፊት ለፊት መንሳፈፍ የነበረበት ቢጫ የሞገድ መለኪያ፣ ዙሪያው አበባ ተተክሎለት፣ አዲስ ቀለም ተቀብቶ፣ ግቢዎ ውስጥ ቆሟል። እውነትም ያምራል።

ሁለተኛ፣ ባለሙያዎ ሰልሰቢል አዝና እንደነገረችን፣ ትንበያ የሚያሰላው የኮምፒዩተር ሞዴል በየዕለቱ ከባሕሩ በሚደርሰው ልኬት ስህተቱን ያርማል፤ ልኬት ሲቀርበት ግን የትናንት ግምቱን ለዛሬ መነሻ ያደርግና ስህተት በስህተት ላይ ይከምራል። ግቢዎ ውስጥ ሞገድ ስለሌለ መለኪያው ጸጥታ ቢዘግብም አይፈረድበትም።

ሦስተኛ፣ ለምን እንደወጣ ስንጠይቅዎ «ባሕር ውስጥ ብንተወው ዝገት ይበላው ነበር» አሉን። ፋሪሃም «ባሌንስ ምን በላው?» አለችዎ። እርስዎ «ኢንሻአላህ፣ እናየዋለን» ብለው ሻይ አዘዙልን። ስለ ሻዩ እናመሰግናለን፤ አልጠጣነውም።

ከዚያ በኋላ በርዎ ላይ ተቀመጥን። ዘበኛው «ያላ፣ ተነሱ» ሲለን፣ ፋሪሃ ለመንገደኛው ሁሉ የባሏን ስም እየጠራች ታለቅስ ነበር። የራክሻ ነጂዎች ቆሙ፤ ጎረቤት ወጣ፤ ጋዜጠኛም መጣ። ዘመናት የፈጀብዎ ውሳኔ ካሜራ ሲታይ ወዲያው ተወሰነ። መለኪያው በመኪና ተጭኖ ወደ ሱዋኪን ሄደ፤ ባሕር ገባ፤ ዛሬ ልኬቱ ለሞዴሉ ይደርሳል፤ ትንበያውም ሞገድ መኖሩን አምኗል። ዓሣ አጥማጆቹ አሁን በሰላም ይውላሉ፤ ስለዚህ ከልቤ አመሰግናለሁ። እውነቱን የነገረችን ሰልሰቢል ግን ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት መዛወሯን ሰምተናል። ሰው ዝገት ስለማይበላው ይሆናል።

ባለቤቴ ወደ ባሕር አልተመለሰም። እዚሁ ሐጅ ዩሱፍ ጡብ ይሸከማል፤ ፋሪሃም ስትደውልለት ስልኩን ለማንሳት ይፈራል። «ምን ልበላት?» ይለኛል። እኔም አላውቅም። የሚያውቅ ካለ በመክተብዎ ውስጥ ይኖራልና ቢልኩልን።

ዕድሜና ሹመት እንዲጨምርልዎ እየተመኘሁ፣ ለክቡርነትዎ ከጉልበቴ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳ፣
ረሺዳ፣ ከሐጅ ዩሱፍ

ማስታወሻ፦ መለኪያው ባሕር በገባበት ዕለት ጀልባ ላይ እንዲወጡ ሲጋበዙ፣ «ዛሬ ነፋስ አለ» ብለው ከወደቡ አለመነቃነቅዎን ዓሣ አጥማጆቹ ነግረውኛል። የዚያው ዕለት ማለዳ ትንበያዎ ግን ሌላውን ሰው እንዳይወጣ አልከለከለም ነበር።