በሚካኤል ደጅ የቆመው ሩጫ

ሰቆጣ፣ መጋቢት 22 ቀን 1994 ዓ.ም.

ለልጄ እናት፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጤናሽስ? ያ የሚያስቸግርሽ ጥርስ ተሻለሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ሰላምታውን አሳጠረው ብለሽ አትቀየሚኝ፤ ወሬው አላስቀምጥ ብሎኝ ነው። ዛሬ ጧት ልጅሽ ሩጫ ላይ አንደኛ ወጣች። ሩጫው መሐል ላይ ቆሞ ነበር፤ ያቆመችው እሷ ናት፤ ከዚያ እንደገና ሮጡ፤ አንደኛ ወጣች። ኧረ እንዲህ ከነገርሁሽ አይገባሽም። በተራ ልንገርሽ።

የዞኑ የተማሪዎች ሩጫ ነው። ያሸነፈች እናንተ ጋ ባሕር ዳር ሄዳ ለክልሉ ትወዳደራለች፤ እዚያ የቀናትን ደግሞ ክለብ ይወስዳታል፣ ወዲህ አትመለስም ይላሉ። ይህን ከሰማሁ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። እኔና አንቺ ከተለያየን ወዲህ ይህን ቤት ቤት ያሰኘችው ጥሩሐረግ ናት፤ ታውቂያለሽ።

ልጆቹ ቅዳሜ ማታ ከየወረዳው ገብተው እሑድ ቀትር ላይ ስለሚመለሱ፣ ውድድሩ በቅዳሴ ሰዓት ሆነ። ካህናቱ ተቆጡ። የስፖርት አስተማሪው ካሤ፣ "አባቶቼ፣ መኪናው እስከ ሰኞ አይቆምልኝ፤ ምን ላድርግ?" ብሎ ለመናቸው። እኔንም የትምህርት ቤቱ ንብረት ጠባቂ ነህ ብለው ኮሚቴ ውስጥ አስገቡኝ። የታችኛው መንገድ ድንጋይ ይበዛዋል፣ የልጅ እግር ይሰብራል፣ ሩጫው በሚካኤል ደጅ ይለፍ ያልሁት እኔ ነኝ። ተስማሙ።

ልጅሽን ደግሞ ታውቂያታለሽ። ያንን ደጅ ሳትሳለም አልፋ አታውቅም። ወፍጮ ቤት ብትላክም፣ ዝናብ ቢወርድባትም ትቆማለች። አሁን በጾሙማ ብሶባታል። ንጋት ላይ ኪዳን ታስደርሳለች፣ ከዚያ በቀጥታ ወደ ሜዳ። ካሤ እንቁላል ብይ፣ ጉልበት ያስፈልግሻል ቢላት፣ "ከፋሲካ በኋላ፣ ጋሼ" አለችው። "እስከ ፋሲካ እግርሽ ይጠብቀኛል?" አላት። "እግሬም ጾመኛ ነው" ብላ አሳቀችው። ዛሬም ቅዳሴ ሳይወጣ እህል አልቀምስም አለች። በሶ በጥብጬ ተከተልኋት፤ ለንስሐ አባትሽ እኔ እነግርልሻለሁ ብዬ ለመንኋት። "አባዬ፣ አንተ ጠጣው። ከኔ ይልቅ አንተ ነህ የምትሮጥ የምትመስል" አለችኝ።

እኔ የቆምሁት እዚያው ከሚካኤል ደጅ ነው፤ የሚያልፉትን ልጆች በየተራቸው ልጽፍ። እማሆይ ወለተ ሐና በሩ ሥር ተቀምጠው፣ "ድሮ በቅዳሴ ሰዓት የሚሮጥ ጅብ ያባረረው ሰው ብቻ ነበር፤ እናንተን ምን አባረራችሁ?" ይሉኛል።

ከዚያ ብቅ አሉ። ጥሩሐረግ ፊት ናት፣ ለብቻዋ። መሬቱን የምትረግጠው አትመስልም። የጋዝጊብላዋ ማንጠግቦሽ ትከተላታለች፣ ሌሎቹ ከዚያ ወዲያ ናቸው። ልክ ደጁ ስትደርስ ደወሉ ተደወለ፤ ሥጋ ወደሙ ሲወጣ የሚደወለው። ጥሩሐረግ ቀጥ አለች። እሑድ ስግደት የለምና አልሰገደችም። በሩን ተሳለመች፣ አማተበች፣ አንገቷን ደፍታ ቆመች። ላቧ ካገጯ ይንጠባጠባል። ካሤ ከማዶ ሰዓቱን ይዞ፣ "ሩጪ አንቺ ልጅ! ኧረ በሚካኤል ሩጪ!" ብሎ ጮኸ። እማሆይ፣ "በሚካኤልማ ነው የቆመች" አሉት።

በቃ፣ አሁን ያልፏታል፣ ቀረች አልሁ። ሆዴ ያን ጊዜ ምን እንዳለ አልጽፍልሽም።

ማንጠግቦሽ ደረሰች። ቆመች። ከአበርገሌ የመጣች አንዲት ቀጭን ልጅ ደረሰች። እሷም ቆመች። የቆላውም የደጋውም ልጅ እየደረሰ ከጥሩሐረግ ኋላ አንገቱን ደፋ። አንዲት እንኳ ያለፈች የለችም። ደወሉ ይሰማል፣ ትንፋሻቸው ይሰማል፣ ሌላ ነገር የለም። እርሳሱ ከእጄ ወደቀ፤ ማን ማንን ቀደመ ብዬ ልጻፍ? ካሤም ሰዓቱን ኪሱ ከትቶ ባርኔጣውን አወለቀ።

ደወሉ አበቃ። አሁንም ማንም አልተንቀሳቀሰ። ልጅሽ ጸሎቷን አልጨረሰች፤ እነሱ እሷን ይጠብቃሉ። ኋላ ማንጠግቦሽ ትከሻዋን ነካ አድርጋ፣ "ነይ እንጂ፣ ፊት የነበርሽው አንቺ አይደለሽ?" አለቻት። እንደነበረችው አስቀደሟትና ከዚያ ተነሡባት! ማንጠግቦሽ እስከ ሜዳው ድረስ አልለቀቀቻትም፤ ልጅሽ የገባችው በክንድ ያህል ብቻ ቀድማት ነው። ተቃቅፈው ወደቁ። ማንጠግቦሽ በዚያ ትንፋሿ ምን ብትላት ጥሩ ነው? "ሁለተኛ በቤተ ክርስቲያን መንገድ ካንቺ ጋር አልሮጥም!"

እኔ ስንት ዓመት አስቀድሻለሁ። እንደዛሬው ግን ፈርቼ አላውቅም። ልጅቱን ወለድኋት እንጂ ማን እንደሆነች ዛሬ አየሁ።

ሐሙስ ወደ እናንተ ትነሣለች። "እማዬ ጋ ልረፍ?" አለችኝ። እናትሽ አይደለች እንዴ አልኋት። እንግዲህ አንደኛ፣ እስከ ፋሲካ የፍስክ ምግብ አታቅርቢላት፣ አትበላም፣ ትጣላላችሁ። ሁለተኛ፣ ቅርብ ያለውን ቤተ ክርስቲያን ገና ስትገባ አሳያት። ሦስተኛ፣ ጫማዋ ተረከዟን ይልጣታልና ካልሲ ይደረብ። አራተኛም ነበረ፤ ጠፋኝ። ክለቡ እንውሰዳት ካለ የሚበጃትን አንቺ እይላት፤ እኔን አትይ።

ደጅሽን እንግዳ አያጣው። የሠራሽው ይባረክልሽ፤ ያቺ ልጅ ስትገባ ሰላም ይዛልሽ ትግባ። ጤና አይለይሽ።

የልጅሽ አባት

ከፊርማዬ በኋላ የጻፍሁት፦ ከውድድሩ በፊት ለሚካኤል ተስዬ ነበር። ልጄን ከሰቆጣ አታውጣብኝ፣ ጃንጥላ አገባልሃለሁ ብዬ። እሱ ያን ሁሉ ልጅ በደጁ አቁሞ እሷን አስወጣት። ማታውን ለእማሆይ ብነግራቸው፣ "ያልሰመረ ስለት አይከፈልም፣ ዕዳ የለብህም" አሉኝ። እኔ ግን አለብኝ፤ ልጄ ማን እንደሆነች በደጁ አሳይቶኛል። ጃንጥላው ገና አልገባም።