ሱባኤ ገብታለች

ይድረስ ለወንድሜ ለጋሼ ይስማው፣ ደጀን።

እንደምን ከርመሃል? የጎማ ጥገናው እንዴት ይዞሃል? እኔ እህትህ፣ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና፣ እዚህ ሮብ ገበያ ከእማዬ ጋር ደህና ነኝ። ያልደወልኩልህ ድምፄን ከሰማህ ነገር ስለምታበዛ ነው።

ድንቹ ደርሷል፤ አጥሩን ግን ነፋስ ጣለው። ኩላሊትህን ከሰጠኸኝ ወዲህ፣ መድኃኒቱ የሰውነቴን መከላከያ ያደክማል ተብሎ ከሰው ራቂ ስለተባልኩ፣ እማዬ ሊስሙኝ ለሚመጡት ሁሉ «ሱባኤ ገብታለች» ትላቸዋለች። ይኸው እነ እትዬ ወለተ ማርያም ከደጅ ሆነው «በጸሎትሽ አስቢን» ይሉኛል! ሳቁ ትኩሳቱን ሁሉ አስረሳኝ። ብርድ ነው የመታኝ፣ ሌላ አይደለም።

ሐኪሙ ያንተን ደም እንደገና ማየት ይፈልጋሉ። ደብረ ማርቆስ ስትወጣ ሆስፒታሉ ትሰጣለህ። ለጥናት ነው፤ የሰውነት መከላከያ ከእናት ካባት እንዴት እንደሚወረስ ያዩበታል። የእኔና ያንተ ይለያያል አሉኝ፤ ካንድ ማህፀን ወጥተን! ደግሞ አንዳንድ ቫይረስ ጤነኛ ሰው ውስጥ ዕድሜ ልኩን ተኝቶ ይኖራል፤ የሚነቃው መከላከያው የደከመ ሰው ውስጥ ሲገባ ነው አሉ። ጤነኛው ባለቤቱ አያውቅም። ካላወቀ ደግሞ ማን ይወቅሰዋል? ዝም ብዬ ነው የነገርኩህ።

ጎማ ብቻህን አታንሳ። እስከዚህም አትምጣ፣ መንገዱ ጭቃ ነው።

እማዬ ጉንጭህን ትስማለች። እኔ ግን፣ ጋሼ፣ ዛሬም እንደ አዲስ ምረጪ ብባል ያንተኑ ኩላሊት ነው የምለምነው። ይኸን እወቅልኝ።

ሰዉ ሁሉ ጸሎት የሚለምነው ከእኔ ነው። አንተ በጸሎትህ አስበኝ።

እህትህ ፍቅርአዲስ