የዋግምቱን ቀንድ ደብቁት

ለተከበሩ ታላቅ ወንድሜ ለጋሼ ሰብስቤ፣
መንዝ፣ ሞላሌ።

ጤናዎ እንዴት ነው? እትዬ መሰለች፣ ልጆቹ፣ ከብቱ፣ የዘንድሮው ገብስ እንዴት ናቸው? እኔ ከትኩሳቱ ተነሥቼ ወደ እህል መጋዘኑ ተመልሻለሁ፤ ኩንታል ተሸክሞ እንደ እኔ የሚሮጥ ናዝሬት ላይ አልተወለደም። ይህን ደብዳቤም ማንም አልጻፈልኝም። የማታውን መሠረተ ትምህርት ጨርሼ በገዛ እጄ የጻፍኩት ነው። ድሮ ገበያ ዳር ያለው ጸሐፊ ቁጣዬን እያለዘበ «እጅ እነሣለሁ» ይልብኝ ነበር። ዛሬ የሚያለዝብልዎ የለም።

ጋሼ፣ ምን በድዬዎት ነው? ለጥየቃ መጡ፣ እሰየው ብለን አልጋችንን ለቀቅንልዎ። ባለቤቴን አሳየችን ትኩሳት ይዟት ዓይኗን ከበስተኋላ ሲወጋት፣ አጥንቷ ተሰበረ ተሰበረ ሲላት፣ ሐኪም ቤት እንውሰዳት አልኩ። እርስዎ «ክፉ ደም ነው፤ እኔ እያለሁ ሐኪም ምን ያደርጋል» ብለው ቀንድና ምላጭ አወጡ። ጀርባዋን በጥተው መጠጡት። ደሙ ግን አልቆም አለ። ጨርቅ ቢታሰር፣ ቡና ቢነሰነስበት እምቢ አለ። ድዷም መድማት ጀመረ። ሐኪም ቤት «ከዘመድ ደም የሚሰጥ አለ?» ሲባል፣ የእኔን ገና ትኩሳት አለብህ ብለው መለሱት። ዘወር ብል የእርስዎ ጋቢ የለም፤ መናኸሪያ ወርደው ተሳፍረዋል። ደም ለማፍሰስ ጀግና፣ ደም ለመስጠት አውቶቡስ። የሰጣት ጎረቤታችን ሱሌማን ነው። «እህቴ አይደለች እንዴ» ብሎ እጅጌውን ሰበሰበ። ከእንግዲህ አሳየች ዘመድ ስትቆጥር ከእሱ ትጀምራለች።

ሐኪሙ እንደነገረኝ ደሟ ሲመረመር ወባ የለበትም። ክረምቱ ከወጣ ወዲህ እንዲህ ያለው በሽተኛ በየሳምንቱ እየበዛ ሄዷል፤ ብዙውም ከእኛው ሰፈር ነው። ድንገት ይነድዳል፣ መገጣጠሚያውን ይቆረጥመዋል፣ ኋላ ገላው ሽፍ ይላል፤ አንዳንዱ ትኩሳቱ በርዶለት ዳነ ሲሉት ይደማል። ትንኝ የሚያዛምተው ዴንጊ የሚባል በሽታ ሳይሆን አይቀርም አለ፤ ማረጋገጫው ምርመራ ግን እዚህ የለም። «እንዲህ ያለውን ሰው መብጣት የውሃ በርሜል ከሥሩ መብሳት ነው» ብሎ ጮኸብኝ። ለእርስዎ የሚገባውን ቁጣ እኔ ቆሜ ጠጣሁት።

አኩርፌ ልቀር ነበር። ትናንት ግን የጭነት መኪና ረዳቱ አብተው ከእናንተ ዘንድ መጥቶ «ጋሼ ሰብስቤን ትኩሳት ጥሏቸዋል፤ ዓይኔን ከኋላ ይወጋኛል ይላሉ፤ ቀንዱን አጥባችሁ አቅርቡልኝ ብለዋል» አለኝ። ተናድጄ ብዕር አነሣሁ። አሁን ይስሙኝ። ቀንድ እንዳይነካዎ። አስፕሪንም አይዋጡ፤ መድማቱን ያባብሳል ተብሏል። ውሃና አጥሚት ይጠጡ። ሆድዎን ከቆረጠዎ ወይም ድድዎ ከደማ በቃሬዛም ቢሆን ሐኪም ቤት ያድርሱዎ።

የሺዓለም፣ ለአባትሽ የምታነቢው አንቺ ነሽና ስድቡን አትዝለይ። አሁን ግን ማንበብሽን አቁመሽ ተነሺና ቀንዱን ደብቂው። ሰላምታው ይጠብቅሻል።

ተመለስሽ? እንግዲያው እትዬ መሰለችን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ፤ ታናናሾችሽን፣ ጎረቤቱን ሁሉ ሰላም በይልኝ። አሳየች ትናንት ቀና ብላ ሾርባ ጠጣች። ጋሼን ሰላም በልልኝ ብላለች፤ እሷ ደግ ናት። እኔ ገና ነኝ። ይዳኑልኝ ጋሼ፤ ፊት ለፊት የምልዎት አላለቀም።

ታናሽ ወንድምዎ ሐዲስ
ናዝሬት፣ ጥቅምት ፲፱ ቀን ፲፱፻፸፭ ዓ.ም.