በፈጣም ገደል ላይ ያየሁት አሞራ

ለውድ ወንድሜ ለአያ እንዳለው ይርሳው፤ ሐረር

እንደምን ሰነበትህ? ጤናህስ እንዴት ነው? የሐረር አየር ተስማማህ? ያ የጎድን ውጋትህስ ተወህ? እኛ ከአንዱ ጉድለታችን በቀር እግዚአብሔር ይመስገን አለን። ባልንጀራህ አድማሴ መርዶህን እንዳረዳህና የጦር ጓደኞችህም ሐዘን አብረውህ እንደተቀመጡ በቴሌግራም አስታውቆናል። እግዚአብሔር ያጽናህ። እኔ ግን በመርዶው ውስጥ ያልገባ ነገር ሆዴ ውስጥ አለ፤ እሱን ላንተ ብቻ እጽፍልሃለሁ።

ማክሰኞ ጥር 4 ቀን ጤፍ ስንወቃ ቦራው በሬ ከአውድማው አፈትልኮ ጠፋ። አባታችን እኔው አመጣዋለሁ ብለው ዱላቸውን ይዘው እንደወጡ በዚያው ቀሩ። ሌባ ገጥሟቸው ይሆናል ብለን ረቡዕን ሙሉ የቡሬን መንገድ ስናስስ ዋልን።

ሐሙስ ጠዋት በፈጣም ወንዝ ገደል ላይ አንድ ትልቅ አሞራ ሲያንዣብብ አየን። ክንፉ ረጅም፣ ደረቱ የዛገ ብረት የሚመስል ነው። ከመካከላችን የሚያውቀው አልተገኘም። ጥንብ አንሳ ከሆነ ከሥሩ የሞተ ነገር አይጠፋምና ሰዎቹ ገመድ አምጥተን እንውረድ አሉ። ያኔ ነው እኔ አዋቂው አፌን የከፈትኩት። የአሞራው አንገት መላጣ አይደለም፣ ላባ ለብሷል፤ በጥፍሩም አንዳች ነገር ጨብጦ ይበራል። በቤተ ክርስቲያናችን ግድግዳ ላይ ከአርባዕቱ እንስሳ ጋር የተሳለውን ንስር ታስታውሰው የለ? ቁርጥ እሱን መሰለኝ። ይህ ንስር ነው፣ ንስር አድኖ ይበላል እንጂ ጥንብ አይፈልግም፣ እዚያ ታች የሞተ የለም አልኳቸው። እምዬ ከደስታዋ ብዛት መሬት ሳመች። ዲያቆኑ ካለማ ብለው ሁሉም ገመዱን ጠቅልለው ወደ ጅጋ መንገድ ዞሩ። ኩራቴን ባየህ! እኔ እኮ ከግድግዳ በቀር ንስር አይቼ አላውቅም።

ቅዳሜ ዕለት ጎረቤታችን አያ ተስፋው ከግሽ ዓባይ ጸበል ተመለሱ። በጎልማሳነታቸው አዳኝ እንደነበሩ ታውቃለህ። የሆነውን ስነግራቸው፣ ከአገጩ ሥር ጢም የመሰለ ጥቁር ላባ አለው ወይ ብለው ጠየቁኝ። አለው አልኩ። ፊታቸው ጠቆረ። ንስር አይደለም ልጄ፣ አጥንት በሊታው ነው፣ ሌላው ሥጋውን ከጨረሰ በኋላ መጥቶ አጥንቱን ከላይ ድንጋይ ላይ እየጣለ ሰባብሮ የሚውጥ ነው አሉኝ። በጥፍሩ ጨብጦት ያየሁት አጥንት ኖሯል።

ያንኑ ቀን ሁለታችን በገመድ ወረድን። በሬው ከገደሉ ሥር ነበር፤ ጅብ ጨርሶት አጥንቱ ብቻ ቀርቷል። አባታችን ግን ከገደሉ ወገብ ላይ፣ አውሬ የማይደርስባት አንዲት ጠባብ እርከን ላይ ተጋድመዋል። ጭናቸው ተሰብሯል፤ እሳቸውም በዱላቸው ደግፈው በነጠላቸው ቅዳጅ ጥፍር አድርገው አስረውታል። የወንዙ ጩኸት ድምፃቸውን ውጦብን ነው እንጂ ሳይጣሩ አልቀሩም። አያ ተስፋው ገላቸውን ዳስሰው፣ ያረፉት ትናንት ነው አሉኝ። ሐሙስ ያ ገመድ ቢወርድ ኖሮ በሕይወት እናገኛቸው ነበር፣ አያ። ያንን ቀን የነሳኋቸው እኔ ነኝ።

ሰው ከመድረሱ በፊት እግራቸውን ፈትቼ ጨርቁን ወንዝ ጣልኩት። ለእምዬም እንደወደቁ ወዲያው አረፉ አልናት። ሳይሰቃዩ መሄዳቸው ብቻ ነው የሚያጽናናት። የንስሐ አባታችንም ከማክሰኞ ቆጥረው አርባው ቅዳሜ የካቲት 13 ቀን ይውላል ብለዋል። እኔም እንደ ዲያቆንነቴ በዚያ ቀን ቆሜ አገለግላለሁ።

እምዬ ወለተ ኢየሱስ ጉንጭህን ትስማለች፤ ከስታለች፣ ግን ትበላለች። እህታችን ባንቺአየሁ እጅግ ናፍቃሃለች፤ ልጇ እናኑ ስምህን መጥራት ጀምራለች። አያ ተስፋው ሰላም ብለውሃል። አድማሴን እግዜር ይስጥልን በልልን።

ፈቃድ አግኝተህ ለአርባው ከመጣህ፣ እምዬ ፊት ስለ ቀኑ እንዳትጠይቀኝ፤ ቅዳሜ እንደ ሰው ሁሉ አልቅስ። ካልመጣህ ግን፣ እዚያው ሐረር ጧፍ ስታበራላቸው፣ አንተ ከዐርብ ቁጠር።

ወንድምህ ዲያቆን ክንፈሚካኤል ይርሳው
ቡሬ፣ ጥር 25 ቀን 1957 ዓ.ም.