ያጠፋኸው ምድጃ

ኩቤክ፣ የካቲት

አባዬ፣ ይህ ወረቀት በደኅና ያግኝህ። ጉልበትህ እንዴት ነው? ከዘንድሮው ብርድ ጋር ታረቃችሁ ወይስ አሁንም እየተሰዳደባችሁ ነው? እኔና ባሌ ማርታን ደኅና ነን። አንተ ቁጥር ካልሰማህ አታምንምና፣ ዛሬ ጠዋት ስኳሬ አምስት ነበር፤ ደኅና ቁጥር ነው። ሐኪሜ ሰሞኑን ከወትሮው አጥብቃ ይዛኛለች፤ ምክንያቱን መጨረሻ ላይ ታገኘዋለህ።

በስልክ እንዳላወራህ፣ "እሺ፣ እሺ፣ እናትሽን ላቅርብልሽ" ብለህ ትሸሻለህ። ስለዚህ ጻፍኩልህ።

ባለፈው እሑድ እኅትህ ጊስሌን መጥታ ነበር። ጨዋታው ጨዋታ አንሥቶ፣ ከሜፕል ዛፍ የምትቀዳውን ውሃ እንደ ማር የወፈረ ሽሮፕ እስኪሆን ታፈላበት የነበረው ጎጆ ነገር ተነሣ። እኔ እንደ ቀልድ፣ "የኔ ስኳር አይደል የዘጋው! አባዬ በታመመች ልጅ ፊት ጣፋጭ ማፍላት አስጠልቶት" አልኳት። አፈጠጠችብኝ። "አንቺ ልጅ፣ ይኼን ሁሉ ዘመን እንዲህ ነው የምታስቢው? ወንድሜ እኮ 'በገዛ እጄ በጭልፋ እያቀመስኩ ልጄን አሳመምኳት' ብሎ ነው እሳቱን ያጠፋው!" አለችኝ።

መጀመሪያ አለቀስኩ፤ ቀጥሎ ተናደድኩ። አንተ ልጄን አሳመምኩ ብለህ፣ እኔ አባቴን ከሚወደው ሥራ አፈናቀልኩ ብዬ፣ በአንድ ማዕድ እየበላን አንዳችንም ትንፍሽ ሳንል ኖርን።

እንግዲህ ስማኝ። ጭልፋው አይደለም። የኔ ዓይነቱ ስኳር ጣፋጭ በመብላት አይመጣም። የገዛ ሰውነቴ ዘበኛ ቆሽቴን ሌባ መስሎት ደበደበው፤ ከዚያ ወዲህ ቆሽቴ ኢንሱሊን መሥራት አቆመ፤ እኔም በመርፌ እተካለሁ። ጎመን ብቻ ስታበላኝ ብትኖር እንኳ አይቀርልኝም ነበር። ሐኪሙ ይህን ያኔውኑ ለእናቴ ነግሯታል። አንተ ግን አልገባም ብለህ ኮሪደር ላይ ቀርተህ ነበር አሉ።

ያቺን ጠዋት አትረሳትም። መርፌዬን ተወግቼ ቁርሱ ሳይደርስ ስኳሬ ወረደና ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ተንቀጥቅጬ ወደቅኩ። አንተ ቁም ሣጥኑን ሁሉ ብታገላብጥ አንድ ማንኪያ የሚጣፍጥ ነገር ጠፋ። ያውም ሽሮፕ በሚያፈላ ሰው ቤት! ለካ ማሩን ሳይቀር ሁሉንም ለጎረቤት አድለኸው ኖሯል። በካልሲህ በረዶውን አቋርጠህ ከጎረቤታችን ከኦቪላ ቤት አንድ ጣሳ ይዘህ መጣህ፤ እሱም የራስህ ሽሮፕ ነበር። በጣትህ ድዴን ስትቀባኝ ታለቅስ ነበር፤ እኔ ግን የተቆጣኸኝ መስሎኝ ነበር። እንደ መርዝ ያየኸው ነገር ነው ያዳነኝ።

አባዬ፣ ሽሮፕ ሳይፈላባቸው ያለፉት መጋቢቶች ያንገበግቡኛል። ትልቁን ማፍያ ሸጠኸዋል፤ ውሃው ይቀዳበት የነበረው የዛፎቹ ቀዳዳም ተደፍኗል። ጎረቤቱ ሁሉ በረዶ ላይ የፈሰሰውን ትኩስ ሽሮፕ በእንጨት እየጠቀለለና እየላሰ ይሳሳቅበት የነበረው ግቢ ዛሬ ኦና ነው። ከሁለታችን አንዳችን አንዲት ቃል ተንፍሰን ቢሆን ኖሮ እላለሁ፤ "ኖሮ" ግን እሳት አያነድም።

ማርታን ከጓሯችን ያሉትን የሜፕል ዛፎች ካልበሳሁ ብሏል። አያውቅበትም፤ መሰርሰሪያውን እንደ ጦር ነው የሚይዘው። መጋቢት ላይ ናልን። ጭልፋውንም ይዘህ ና፤ የት እንደደበቅከው እናቴ ታውቃለች። በልጅነቴ የቀረጽክልኝን ትንሿን የእንጨት ማንኪያም አትርሳ። ዘንድሮ አንፈልጋትም፤ ለከርሞ ግን ባለቤት ይኖራታል። ሐኪሜም አጥብቃ የያዘችኝ ለዚሁ ነው። ለእናቴ እኔው ልንገራት፣ አደራ።

አንድ ነገር ብቻ ቃል ግባልኝ፤ ያንን ትንሽ ሰው ስታቀምስ እጅህ እንዳይንቀጠቀጥ።

እግዚአብሔር ጉልበትህን ያጽናልኝ፤ የልጅ ልጅ ለመሳም ያብቃህ።

ያላሳመምካት ልጅህ