ከእጅ ዳቦ ስለሚበላው ኮርማና ስለ ቀረው ንብረቴ

እኔ ሞቱማ ደበላ፣ የልደታ ክፍለ ከተማ የጌጃ ሰፈር ነዋሪ፣ ዛሬ ቅዳሜ ጥር ፲፯ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም. ልቤ ደክሞ አልጋ ይዣለሁ እንጂ አእምሮዬ እንደ ወትሮው ሙሉ ነው። የሚጠራጠር ካለ የፈለገውን ይጠይቀኝ ብዬ ምስክሮቼን ጋበዝኩ። ወዳጄ ረሻድ፣ «ዛሬ ቁርስህን ምን በላህ?» አለኝ። «ቅንጬ። ግማሹን በላሁ፤ ግማሹን ማን እንደሠራው እስካውቅ ድረስ ተውኩት» ብዬ መለስኩ። ሳቁ፤ አእምሮዬ ጤነኛ መሆኑንም አመኑ። ይህም ይጻፍ።

ጸሐፊው ነስረዲን ይባላል፤ ልደታ ፍርድ ቤት አጠገብ ማመልከቻ እየጻፈ የሚኖር ነው። የእጅ ጽሕፈቱ ያማረ ስለሆነ እፈራዋለሁ። ስለዚህ በዚህ ክፍል ውስጥ የሚነገረውን ሁሉ፣ የእኔንም የሌላውንም ቃል፣ ሳይቀንስ ይጻፍ፤ ጽፎም ያንብብልኝ። «አባባ፣ ሲያስልዎትም ልጻፍ?» ብሎ ጠየቀኝ። ካሳልኩ ይጻፍ ብያለሁ።

ጌጃ ሰፈር ያለው ይህ ቤት ከነዕቃው የባለቤቴ የየሺሀረግ ነው። ይፈርሳል ተብሎ ምትክ ቢሰጥም ምትኩ የእርሷ ነው። የሺ፣ በዕድሜዬ ሙሉ ሳልጠረጥር የተኛሁት ካንቺ ጎን ብቻ ነው፤ አንቺ ግን ሰው ማመን ታበዢያለሽ። የወለድሽውም ልጅ ቢሆን «ለጊዜው በእኔ ስም ይሁን» ካለሽ እምቢ በይ። ከታመምኩ ወዲህ ጠያቂ በዝቷል፤ ግማሹ «እግዜር ይማርህ» እያለ በዓይኑ ግድግዳውን ይለካል። የሺሀረግ፣ «ኧረ በማርያም! ሰዉ እኮ አዝኖልህ ነው» አለች። ይጻፍልኝ፤ ማመን ታበዛለች ያልኩትን ራሷ አረጋገጠችው።

ፒክአፕ መኪናዬ ለወንድ ልጄ ለሰላሁን ይሁን። ጎማውን ከእናቱ አስበልጦ ይጠይቃል፤ ስለዚህ መኪናው ከእርሱ ጋር አይጎዳም።

ሰበታ ያሉት የወተት ላሞች ከነበረታቸው ለሴት ልጄ ለጊፍቲ ናቸው። በክረምቱ ጭቃ በረት የምትገባው፣ የሚያምጡትን የምታዋልደው እርሷ ናት። ላም ስትታመም ከእኔ ቀድማ ታውቃለች። ይህን እስከ ዛሬ በፊቷ ተናግሬው አላውቅም፤ እንዳትኩራራ ብዬ ነው። አሁን እያለቀሰች ነው። ታልቅስ፤ ወደ ጭንቀቴ ልሂድ።

በረታችን ኮርማ የለውም። ሰላሁን ከአንድ ሰው ጀርሲ የሚባል ዘር ኮርማ ሊገዛ ተስማምቷል። እኛ የምናውቀው ጥቁርና ነጩን ፍሪዥያን ነው፤ ጀርሲ በበረታችን ገብቶ አያውቅም። ሰላሁን የሚለውን ሰምቻለሁ፤ ሰውነቱ ትንሽ ስለሆነ መኖ አይፈጅም፣ ጥጃውም ትንሽ ስለሆነ ላሟን በምጥ አያስጨንቃትም፣ የሴቶቹ ወተት ቅቤው ብዙ ነው፣ ላሟም ዓይኗ የሚዳቋ፣ ጠባይዋ የበግ ነው። ሁሉም እውነት ነው። ግን ሁሉም የላሟ ነገር ነው፤ የሚገዛው ግን ወንዱ ነው። አባቴ ሰንጋ ተራ ገና የሰንጋ ተራ ሳለች ከብት ይነግድ ነበር፤ እኔም ከብት ገበያ ውዬ አረጀሁ። ላም ስትመሰገን አዳምጣለሁ፤ ኮርማ ሲመሰገን ግን የሚያመሰግነውን ሰው ነው የማየው።

ስለዚህ ልጆቼ የማያውቁትን ዘር ኮርማ ሲገዙ እንዲህ ያድርጉ። እናቱን ይዩ፤ ጡቷንም ይዳስሱ፤ «ሩቅ ናት» ከተባሉ እነርሱም ሩቅ ይሁኑ። ጥርሱን ገልጠው ዕድሜውን ይወቁ። ቆለጡ እኩል ይሁን፣ ሰኮናው አይሰንጠቅ፣ ሲራመድ ከኋላው ይከተሉት። የእንስሳት ሐኪም ደሙን ይመርምር፤ የውርጃ በሽታ በአንድ ኮርማ ገብቶ በረት ሲያራቁት አይቻለሁና። ጀርሲ ወንዱ ሲጎለምስ አንገቱና ፊቱ ይጠቁራል፤ ቁመቱ አጭር ነው ብለህ አትናቀው፤ በጠባዩ ከግዙፎቹ ይከፋል ሲሉ ሰምቻለሁ። ጎኑን አዙሮ፣ አንገቱን ቀስቶ ሲቆምልህ «እንዴት ያምራል!» አትበል፤ እየዛተብህ ነው። በረቱንም ተመልከት፤ አንዱ አጣና ከሌሎቹ ይልቅ አዲስ ከሆነ የድሮው ምን እንደሆነ ጠይቅ።

ከሁሉ በፊት ግን ዋስ! በእኛ ገበያ ከብት የሚሸጥ ሰው ዋስ ይጠራል፤ ከብቱ የሌባ እንዳልሆነ፣ ነውርም እንደሌለበት ዋሱ ይናገራል። ነውር ካለበትም «ተዋጊ ነው፣ ተራጋጭ ነው» ተብሎ ይነገርሃል፤ ሰምተህ ከገዛህ በራስህ ነው። ረሻድ በጎልማሳነታችን ተራጋጭ ላም ሸጦልኛል፤ ግን «ሞቱማ፣ ትራገጣለች» ብሎኝ ነው። ዛሬ ምስክር ያደረግኩት ስለዚህ ነው።

«ነግሬህ ገዝተህ ጉልበትህን አልሰበረችህም?» አለ ረሻድ።

«የባሰ ነውር ልትደብቅ የነገርከኝ መስሎኝ ጡቷን ስመረምር ነዋ!»

ሰላሁንን፣ «የዚህ ኮርማ ዋስ ማን ነው?» አልኩት። «አባዬ፣ ዘንድሮ ዋስ ምን ያደርጋል? ቪዲዮ አለ እኮ» ብሎ ስልኩን ሰጠኝ። በቪዲዮው አንዲት ሴት ለኮርማው በእጇ ዳቦ ታበላዋለች፤ እርሱም በልቶ ግንባሩን ደረቷ ላይ ያሻሻል፤ ሴትዮዋ እየሳቀች ወደ ኋላ ትንገዳገዳለች። «አየህ? እንደ በግ ነው!» አለ ልጄ።

እኔ ያየሁት ሌላ ነው። ከእናቱ ተለይቶ፣ ከብት ሳያይ፣ በሰው እጅ ያደገ ኮርማ ሰውን አይፈራም፤ ሲጎለምስ ሰውን እንደ ሌላ ኮርማ ይቆጥራል። ማሻሸት የመሰለህ መግፋት ነው። ሁለተኛም የሴትዮዋ ቦቲ ጫማ በጭቃ ተነክሯል፤ ስለዚህ ቪዲዮው የክረምት ነው። አሁን ጥር ነው። ከክረምት ወዲህ ስለምን አልተቀረጸም? ሴትዮዋስ የት ገባች?

«እሱን አልጠየቅኩም» አለ ሰላሁን።

ጊፍቲ በዚህ ጊዜ ተነሥታ፣ «ከእሱ ጋር የምውለው እኔ ነኝ፤ እኔን ማን ጠየቀኝ?» አለች። እኔም ሻጩ እንዲደወልለት አዘዝኩ። ሻጩ ገብረየሱስ ይባላል። ስልኩ ድምፁ ለሁሉም እንዲሰማ ሆኖ በምስክሮች ፊት ጠየቅኩት።

«ኮርማውን ማን ነው የሚያበላው?»

«ሠራተኛ አለ፣ አባባ።»

«በቪዲዮ ያለችው ሴትስ?»

«ባለቤቴ ናት።»

«ዛሬ እሷ አታበላውም?»

ዝም አለ። ነስረዲን ዝምታውንም ይጻፍ።

«ትንሽ አሟት ነው» አለ ኋላ። «ወድቃ...»

«ማን ጣላት?»

ድምፁ ተለወጠ። «በጡጦ ያሳደገችው እሷ ናት፣ አባባ። እኛ ልጅ የለንም። ጀርባዋን ሰጥታ ገንዳውን ስትሞላ መታት። ዳሌዋን ነው፤ እስካሁን በምርኩዝ ናት። ላርደው ስል አልቅሳ፣ ለሥጋ ቤት እንዳልሸጠው አስማለችኝ። ምን ላድርግ?»

«ታዲያ ለኔ ልጅ ልትሸጥላት?» አልኩት። ብዙ ሰው ጠርጥሬ ብዙ ጊዜ ልክ ሆኛለሁ፤ ልክ በመሆኔ እንደ ዛሬው ግን ከፍቶኝ አያውቅም። ስልኩን ለባለቤቱ እንዲሰጥ ጠየቅኩ። ስሟ ወይንሀረግ ነው።

«እህቴ፣ ኮርማውን ማን ብለሽ ትጠሪዋለሽ?»

«ሸጋው» አለችኝ። «አባባ፣ እሱ ክፉ ሆኖ አይደለም። ጀርባዬን የሰጠሁት እኔ ነኝ።»

«ልጄ ጊፍቲ ትባላለች። በረት የምትገባው እሷ ናት። እሷም አንድ ቀን ጀርባዋን ትሰጠዋለች፤ ጀርባ የሌለው ሰው የለም።»

ስታለቅስ ሁላችንም ሰማን። ከምስክሮቼ አንዷ ትርንጎም አብራ አለቀሰች። ወይንሀረግ፣ «አይግዙት፣ አባባ» አለችኝ።

እኔ ካልገዛሁት ግን ሌላ ሰው ይገዛዋል፤ የዚያም ሰው ልጅ ጀርባ አላት። ስለዚህ ይህን ወስኛለሁ። ከሞትኩ በኋላ ልጆቼ ተዝካሬን ያወጡ ይሆናል፣ ላያወጡም ይችላሉ፤ አላውቅም። ስለዚህ ተዝካሬን በቁሜ አወጣለሁ፤ የሚታረደውም ሸጋው ነው። ለወይንሀረግ፣ «ሥጋ ቤት አይገባም፤ የተክለ ሃይማኖት ደጅ ነዳያን ይበሉታል፤ ስለ ነፍሴ ነው» አልኳት። እርሷም፣ «ለነዳያን ከሆነ ይሁን፤ እግዚአብሔር ይቀበልልዎ» አለች። ለገብረየሱስ የሚገባው ዋጋ ሳይጓደል ይከፈለው።

ድግሱ እሁድ ሳምንት ይሁን። ሰላሁን ከዚያ በፊት «አንድ ጊዜ ብቻ ላሞቹን ያጥቃና» ይላል፤ አባቱ ነኝ፣ አውቀዋለሁ። አይሆንም! ከመኪና ወርዶ እስኪታረድ ድረስ በወንበር ተሸክማችሁ አውጡኝና ቁጭ ብዬ ልየው። የኮርማ ሥጋ ይጠነክራል የሚል ካለ ጥርስ ያለው ያኝክ፤ እኔ መረቁ ይበቃኛል። ለምስክሮቼ ለረሻድና ለሰሚራ፣ ለቤተሰቦቻቸውም በእነርሱው ወገን እጅ የታረደ በግ ይቅረብላቸው። ሌላ ኮርማ እስኪገኝ ድረስ የጊፍቲን ላሞች የሚያዳቅለው ባለሙያው በመርፌው ይሁን፤ ኮርማ መግዛት ካስፈለገም የምትመርጠው ጊፍቲ ብቻ ናት፤ ሰላሁን መኪና ይንዳ።

ወይንሀረግንም ሰላሁን በፒክአፑ ሄዶ ከነባሏ ያምጣት። ከእኔ በቀኝ ትቀመጥ፤ ወገቧን የሚደግፍ ትራስ ይደረግላት። ለእርሷ ለብቻዋ ሽሮ ይሠራላት። «እስቲ ቅመሺ» የሚላት ሰው ቢኖር፣ የወለድኩትም ቢሆን፣ ከገበታዬ ይነሣ።

ይህ ሁሉ አራቱ ምስክሮች በአንድነት ባሉበት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተነብቦልኝ፣ አንዱን መስመር ሁለቴ አስነብቤ፣ ቃሌ መሆኑን አረጋግጬ ፈርሜያለሁ።

ተናዛዥ፦ ሞቱማ ደበላ (ፊርማ)

እኛም ሲናገር ሰምተን፣ ሲነበብ አድምጠን፣ ሲፈርም አይተን ፈርመናል፦

ረሻድ (ፊርማ)
ደጉ (ፊርማ)
ትርንጎ (ፊርማ)
ሰሚራ (ፊርማ)

ጸሐፊ፦ ነስረዲን (ፊርማ)