ስድስት ሺህ ሄርዝ ላይ ያለው ፉጨት

ጥር 4
ለዓይነ ስውራን ተማሪዎች የማነበውን የሳይንስ መጽሐፍ፣ ምዕራፍ ሦስትን ቀረጽኩ። ሃያ ሁለት ደቂቃ። አንድ ቀጭን ፉጨት አለበት። ስድስት ሺህ ሄርዝ አካባቢ መሰለኝ... የድምፅ ማስተካከያው ላይ ያንን ቦታ ቀነስኩ። አልጠፋም። ጨርሼ ቆረጥኩትና ለቤተ መጻሕፍታቸው ላክሁ።

ጥር 7
የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ደወለች። "ጋሼ፣ ጥርስዎን አስነቀሉ እንዴ? ተማሪዎቹ «ስ»ን ከ«ፍ» መለየት አቃተን አሉ።" ሳቅሁላት።
ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን... የ«ስ» ድምፅ የሚኖረው እኮ እዚያው ላይኛው ድግግሞሽ ላይ ነው። ፉጨቱን ብዬ «ስ»ን ቆርጫለሁ። ታዲያ ፉጨቱ እንዴት ቀረ?

ጥር 8
የመጀመሪያውን ቅጂ የድምፅ ሥዕል ከፍቼ አየሁ፤ ወፍራሙ ድምፅ ከታች፣ ቀጭኑ ከላይ። ዝም ባልኩባቸው ቦታዎች ስድስት ሺህ ላይ አንድም መስመር የለም። ማዳመጫውን አወለቅሁ። ፉጨቱ አለ። ኮምፒውተሩን አጠፋሁ። አለ።
ታላቅ ወንድሜንም የጀመረው እንዲሁ ነበር። መጨረሻ ላይ በወረቀት ነበር የምናወራው...

ጥር 9
"ምነው ዝም አልክ?" አለችኝ ባለቤቴ። ደክሞኝ ነው አልኳት።

ጥር 13
የጆሮ ምርመራ። ድምፅ ስሰማ ቁልፍ መጫን። መርማሪዋ ከመስታወቱ ማዶ። ከሦስት ሺህ በላይ ምንም አልሰማሁም። ግን ድምፁን ስትለቅ ትከሻዋ ይነቃነቃል። አየሁና ተጫንኩ። ደግሞ ተጫንኩ።
"ጎሽ አባባ! የወጣት ጆሮ ነው ያለዎት!"
ሠላሳ አራት ዓመት ለኮረጀ ሁሉ ዜሮ ስሰጥ የኖርኩ ሰው... ምን ነካኝ? ያን ያህል ፈርቼ ነው?

ጥር 14
ለባለቤቴ ነገርኳት። "በገዛ ጆሮህ ትኮርጃለህ? ተነስ፣ ጫማህን አድርግ!"
መርማሪዋን ወንበሩን እንድታዞርልኝ ለመንኳት። ጀርባዬን ሰጥቼ ተቀመጥኩ። እስከ ሦስት ሺህ ተጫንኩ። ከዚያ ጣቴ ቁልፉ ላይ እንዳለ ቀረ።
"ላይኛው ሄዷል፣ አባባ። አይመለስም።"
የቀረውስ? አልኳት።
"እሱን በየስድስት ወሩ እናያለን።"

ጥር 19
ምዕራፍ ሦስትን እንደገና ቀረጽኩ። ማስተካከያውን አልነካሁም። ማዳመጫው አሁን የባለቤቴ ጆሮ ላይ ነው።
"«ስ» አለ?"
"አለ።"
"ፉጨትስ?"
"የለም።"
ለእኔ አለ። ይህን ስጽፍም አለ።
አሥራ ሰባት ምዕራፍ ይቀራል። ዕቅዴ በሳምንት አንድ ነበር። ሰርዤ በሳምንት ሦስት አልኩ።